ቀጭን አጥሚት ልጅ አያሳድግም፦ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላለ ሕፃን የቤት መመሪያ

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ (ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ)፣ 7ቱ ደግሞ የቀጨጩ (ለቁመታቸው የከሱ) ነበሩ። የአዲስ አበባ ቁጥር ከአገሪቱ አማካይ በጣም የተሻለ ነበር። ይሁንና የከተማ አማካይ የሚባለው ነገር የቦሌን ልጅ ከዳርቻው የቀን ሠራተኛ ልጅ ጋር ደምሮ የሚያካፍል ስለሆነ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው የከተማዋ ዙሪያ ሰፈር የሚያድገውን ሕፃን ለብቻው አያሳይም።

በነዚህ ሰፈሮች የሚከሳው ሕፃን ብዙውን ጊዜ ጦሙን የሚውል አይደለም። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ቀን በጡጦ አጥሚት፣ ማታ ከቤተሰቡ ትሪ ጥቂት የሽሮ ፍትፍት ያገኛል። ሆዱ ሞልቶ ይተኛል። ያገኘው ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ሕፃኑ የሚበላውን ወፈር ማድረግና ውስጡ ያለውን ነገር መለወጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙዎች እንደሚያስቡት አይበዛም። በየሱቁ ከሚሸጠው የታሸገ የውጭ የሕፃን ምግብም ይረክሳል።

ስሌቱ እንዲህ ነው

የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። የ8 ኪሎ ልጅ 240 ሚሊ፣ ማለትም አንድ ኩባያ ገደማ ሲገባበት ይጠግባል። ጡት እየጠባ ያለ ልጅ ከጡት ወተቱ ሌላ ከምግብ በየቀኑ የሚያስፈልገው ጉልበት ከ6 እስከ 8 ወር 200 ኪሎ ካሎሪ፣ ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከ12 እስከ 23 ወር 550 ያህል ነው።

አሁን የተለመደውን አጥሚት እንይ። በአንድ ኩባያ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ 50 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። የ9 ወር ልጅ 300ውን ለማግኘት በቀን 6 ኩባያ፣ ማለትም አንድ ሊትር ተኩል መጠጣት አለበት። አይችልም፤ ቢችል እንኳ ጡት የሚጠባበት ቦታ አይቀረውም። በአንጻሩ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት (30 ግራም ያህል) ወፈር ብሎ ተገንፍቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ቢጨመርበት፣ ግማሽ ኩባያ የማይሞላው ምግብ 150 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል። ሁለት ጊዜ ቢበላው የቀኑ ድርሻ ሞላ ማለት ነው።

እዚህ ኩባያ የሚባለው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ነው። የሻይ ብርጭቆ ከዚህ ያንሳል፣ የቡና ሲኒ ደግሞ በጣም ያንሳል። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ገዝታችሁ እኩሌታውን ልጁ በሚበላበት ኩባያ ውስጥ ገልብጡ፤ ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ። የዚያን ግማሽም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ ሞግዚትም ትሁን ታላቅ እኅት፣ «ስንት በላ?» ስትባል የምትመልሰው በምልክቱ ይሆናል።

ምጥኑ

ለልጅ ምጥን ሲባል ገብሱ፣ ስንዴው፣ አጃው፣ በቆሎው፣ ማሽላው፣ ዳጉሳው፣ ሩዙ ሁሉ አንድ ላይ መግባት አለበት የሚል እምነት ሥር ሰዷል። ሰባት ዓይነት እህል ገዝቶ ማስፈጨት ድካም ነው እንጂ ትርፉ ትንሽ ነው። እህል ሁሉ በምግብ አከፋፈል አንድ ወገን ነው፤ ሰባቱም የሚጎድላቸው ነገር ተቀራራቢ ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ጥራጥሬ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት እህልና አንድ ዓይነት ጥራጥሬ ይበቃል። ልኩም ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ነው።

ለአንድ ወር ለአንድ ልጅ የሚበቃው 2 ኪሎ ነው፦ 750 ግራም የተፈተገ ገብስ ወይም አጃ፣ 750 ግራም ስንዴ ወይም ጤፍ፣ 500 ግራም ሽምብራ ወይም አተር። በቀን 60 ግራም ብታወጡ 33 ቀን ይሄዳል። ከዚያ በላይ አታስፈጩ፤ ዱቄት ሲቆይ ይነቅዛል፣ ይመራል። ጤፍ ብረት አለው እየተባለ ስለሚወደስ አንድ ነገር እንበል፦ በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው ከአውድማ አፈር የሚገባ ነው፤ የራሱ የእህሉ ብረትም ቢሆን በልጅ አንጀት በቀላሉ አይወሰድም። ጤፍ መልካም እህል ነው፤ ጉበትና ሥጋን ግን አይተካም።

ጥራጥሬውን ከ12 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ዘፍዝፉ፤ የነከራችሁበትን ውሃ ድፉ። በፀሐይ አድርቁት፣ ምጣድ ላይ ለስለስ ባለ እሳት አምሱትና ክኩት፤ ገለባውን አበጥሩ። ልጅን የሚነፋውና የሚያስለቅሰው አብዛኛው ይህ ደረጃ ሲዘለል ነው። አኩሪ አተር ከመረጣችሁ ማመስ ብቻውን አይበቃም፤ ከተዘፈዘፈ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቀቀል አለበት፣ አለዚያ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ ያግዳል። እህሉን ሽታው እስኪወጣ ድረስ ብቻ አምሱት፤ ከጠቆረ ይመርና ልጁ ይተፋዋል።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ከበርበሬ ወይም ከሚጥሚጣ ቀጥሎ ከገባችሁ የመጀመሪያው ኪሎ ለሕፃን አይሆንም። ጤፍ ወይም ስንዴ ተፈጭቶ ሲያበቃ ግቡ። ቤት ስትመለሱ ዱቄቱን ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት፤ ከወፍጮ የወጣ ትኩስ ዱቄት በላስቲክ ታፍኖ ሲቀመጥ ያልብና ይሻግታል።

ለውዝን ከምጥኑ ጋር አታስፈጩ። ዘይቱ ዱቄቱን ቶሎ ያበላሸዋል። ለብቻው ቆልታችሁ፣ ገለባውን ገፋችሁ፣ በሙቀጫ እንደ ቅቤ እስኪሆን ውቀጡና ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ ሲያስፈልግ አንድ የሻይ ማንኪያ ከገንፎው ጋር ይለወሳል። ፍሬውን እንዳለ ለሕፃን መስጠት ያንቃል። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ለውዝ ለሕፃን ቀርቶ ለአዋቂም አይሆንም፤ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ መቁላትም መቀቀልም አያጠፋውም። በቆሎም እንደዚሁ።

አበሳሰሉ

ለአንድ ጊዜ ምግብ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። በሌላ ድስት ግማሽ ኩባያ ያህል ውሃ አፍሉና ብጥብጡን እያማሰላችሁ ጨምሩበት። ዱቄት በቀጥታ ፈላ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ይጓጉላል፤ የጓጎለው ውስጡ ጥሬ ይሆናል። እሳቱን ቀንሱና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብስሉት። ውሃ ቢመጠው ትንሽ ጨምሩ። በዚህ ጊዜ እንቁላል ካለ መትታችሁ ጨምሩበትና ነጩም አስኳሉም እስኪበስል ሌላ 3 ደቂቃ አማስሉ። ከእሳት ስታወርዱት አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ጨምሩ። ጨው ካስፈለገ በጣም ጥቂት፣ አዮዲን ያለው፣ መጨረሻ ላይ። በርበሬ አይገባም። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ለሕፃን አንጀት አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል።

ውፍረቱን የምታውቁት በማንኪያ ነው። ማንኪያውን ወደ ጎን ስታዘነብሉት ምግቡ ትንሽ ቆይቶ በቁራጭ ዱብ ማለት አለበት። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ከናካቴው ካልወደቀ ለ6 ወር ልጅ ከብዷል። በጡጦ ጫፍ የሚያልፍ ማንኛውም አጥሚት ቀጭን ነው። ጡጦውን ከቤት ማስወጣት አንዱ ትልቅ እርምጃ የሆነው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የጡጦን ጫፍ በደንብ ማጠብ በጣም አስቸጋሪ ስለሆነ ተቅማጥ ያመጣል። በኩባያና በማንኪያ ይሁን።

ልጁ ወፍራሙን መዋጥ ከቸገረው ውሃ አትጨምሩበት። ብቅል ተጠቀሙ። ጠላ ከሚጠምቅ ጎረቤት የምታገኙት የገብስ ብቅል ይሆናል፤ ያልሻገተ፣ ከጌሾ ጋር ያልተነካካ ይሁን። ራሳችሁ ለማዘጋጀት ገብሱን አንድ ቀን ነክራችሁ አጥልሉት፤ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ 2 ወይም 3 ቀን አቆዩት፤ ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሲያክል በፀሐይ አድርቃችሁ ፍጩት። አትቁሉት። ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው ሥራውን የሚሠራው፣ እሳት ይገድለዋል። ገንፎው ከእሳት ወርዶ ትንሽ ሲበርድ (ፍልቅልቁ ቆሞ ግን ገና ጣት የሚያቃጥል ሲሆን) አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ። በ10 ደቂቃ ውስጥ በማማሰያው ቆሞ የነበረው ገንፎ ላላ ብሎ ሲወርድ ታዩታላችሁ፤ ዱቄቱ ግን ያው ነው፣ አልቀነሰም። ከዚያ እንደገና ለ3 ደቂቃ አፍሉት፤ የብቅል ዱቄት ጥሬ ስለሆነ ሳይፈላ አይሰጥም። ብዙ ሰው «ብቅል ሞክሬ ምንም አልሆነም» የሚለው በሚፈላ ገንፎ ላይ ስለሚጨምረው ነው።

ከገንፎው ጋር ምን?

ከስምንት የምግብ ወገኖች ልጁ በየቀኑ ቢያንስ ከአምስቱ ማግኘት አለበት፦ የጡት ወተት፣ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬና ለውዝ፣ ወተትና እርጎ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቢጫና ጥቁር አረንጓዴ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ጡት የሚጠባ ልጅ ምጥኑን በእንቁላል ከበላና የተፈጨ ዱባ ወይም ካሮት ካገኘ አምስት ሞላ። ሻይ በዳቦ ግን ከአንዱ አይዘልም። ሻይ ደግሞ ባዶ ብቻ አይደለም፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት እንዳይወሰድ ያደርጋል። ለሕፃን ሻይ አትስጡ፣ በጣም የቀጠነም ቢሆን።

ከሁሉ እንቁላልን እናስቀድማለን። በቀን አንድ። ተወደደ ለሚል ቤት፣ ለለስላሳና ለብስኩት የሚወጣውን ሳንቲም በሳምንት መጨረሻ መደመር ይበቃል። ሥጋ በሚገኝበት ቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ በደንብ የበሰለና የተከተፈ ሥጋ ለልጁ ለብቻ ይነሣለት፤ መረቁ ብቻ አይበቃም፣ ብረቱ ያለው ሥጋው ውስጥ ነው። ጉበት በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ቁራጭ፣ እስከ ውስጡ የበሰለ። ያለ በርበሬ የተሰቀለ ቋንጣን ወቅጦ በዱቄት መልክ ማስቀመጥም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ገንፎው ሲበስል አንድ የሻይ ማንኪያ አብሮ ይበስላል። ወተት ተፈልቶ ይሰጥ፤ በጀሪካን የሚመጣው ወተት ውሃ መጨመሩን በዓይን መለየት ስለማይቻል ከምታውቁት ላም ካለው ሰው መግዛት ይሻላል።

ጎመንን በቤት ዙሪያ መትከል የዳርቻው ትልቅ ዕድል ነው። የተከራያችሁት ግቢ አፈር ባይኖረው እንኳ ሁለት ጆንያ አፈርና ፍግ ሞልቶ ጎኑን በስቶ መትከል ይቻላል። ከአቃቂ ወንዝ ዳር በቆሻሻ ውሃ ከሚለማው ጎመን ይህኛው ይመረጣል። ጎመኑን በጣም አድቅቃችሁ ክተፉ፣ በትንሽ ውሃ አብስሉ፣ ውሃውን ጨምቃችሁ አትድፉ፣ ዘይት አድርጉበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ዘይት በደንብ አይወሰድም።

ስንት ጊዜ፣ ስንት

6 ወር ሲሞላ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ በቀን ሁለት ጊዜ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ኩባያ ይደረሳል፤ እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ከ9 እስከ 11 ወር ግማሽ ኩባያ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ መሐል ላይ ሙዝ ወይም አቮካዶ። ከዓመት በኋላ ከኩባያው ሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ኩባያ፣ እንዲሁ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ አንድ ወይም ሁለት መቆያ ጨምሮ። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ከ6 ወር በፊት ከጡት ወተት ሌላ ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ አያስፈልግም።

ልጁ የራሱ ሳህን ይኑረው። ከቤተሰቡ ትሪ እየተጎረሰ የሚበላ ልጅ ስንት እንደበላ ማንም አያውቅም፤ ታላላቆቹ ይፈጥናሉ፣ እሱ ይቀራል። እምቢ ሲል በመዳፍ አፉ ላይ እያፈኑ ማንቆርቆር የድሮ ልማድ ነው፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፣ ልጁም ማንኪያ ባየ ቁጥር ማልቀስ ይለምዳል። ጥቂት አርፎ እንደገና መሞከር፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ማጫወት ይሻላል። ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ጊዜ ሊመደብለት ይገባል።

እናት ሥራ ስትውል

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል። ልጁ 6 ወር ሳይሞላው ያልቃል ማለት ነው። በቀን ሥራ፣ በልብስ አጠባ ወይም በጉልት የምትተዳደር እናት ደግሞ ይህም የላትም። ስለዚህ የዳርቻው ልጅ ምግብ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ዕቅዱም በዚያ ልክ መሠራት አለበት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከመውጣታችሁ በፊት ጡት አጥቡት፤ ተነሥቶ ከሆነም ገንፎውን አብሉት። ታልቦ በንጹሕ ክዳን ባለው ኩባያ የተቀመጠ የጡት ወተት በቤት ውስጥ ቅዝቃዜ 4 ሰዓት ይቆያል፤ በኩባያ ይሰጥ። ጠዋት የተሠራ ገንፎ ግን እስከ ቀኑ 7 ሰዓት መቆየት የለበትም። ከ2 ሰዓት በላይ ክፍት የቆየ ገንፎ ለባክቴሪያ ምቹ ነው፤ ተደጋጋሚ ተቅማጥ ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው። ይልቅ ልጁን ለምትይዘው ሰው እሳት የማይፈልግ ነገር ተዉላት፦ በደንብ ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት በአንድ ጊዜ ልክ በትናንሽ ክዳን ባላቸው ዕቃዎች፣ የተወቀጠ ለውዝ፣ በፔርሙስ የፈላ ውሃ ወይም ወተት። ዱቄቱን በፈላው ውሃ ወፈር አድርጋ ለውሳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ለውዝ ጨምራ፣ ሲበርድ ትሰጠዋለች። ከነቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝም እንደዚሁ፣ ሲበላ ብቻ የሚላጥ ስለሆነ ቆሻሻ አይነካውም። ማታ ስትመለሱ እንደገና ትኩስ ምግብና ጡት፤ ሌሊትም ጡት።

ጾም ሲገባ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለዓመት ልጅ ከዕድሜው ሰባተኛው እጅ ገደማ ይሆናል። ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ ይብሳል። ሥርዓቱ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲጾም አያዝም፤ ልጁ የሚጾመው ድስቱ ስለሚጾም ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለልጁ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት፣ ማማሰያና ቢላ ለይቶ ማስቀመጥ። ጾም ሲሆን የወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ እንዲያውም ማግኘቱ ይቀላል። ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ግን ቋንጣውን ከቅበላ በፊት አዘጋጁ። የምታጠባ እናትም ከንስሐ አባቷ ጋር ብትነጋገር ጥሩ ነው። በረመዳንም ቀን እሳት በማይነድበት ቤት ለልጁ ተብሎ መነደድ አለበት።

ውሃና ተቅማጥ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜልና ጀሪካን የማይቀር ነው። ለልጁ የሚሆነው ይፍላ፣ ወይም የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ገብቶበት 30 ደቂቃ ይቆይ። ተቅማጥ ሲይዘው አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ (ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ) በጥብጣችሁ፣ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ቀስ እያላችሁ ስጡት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ዚንክ፣ ተቅማጡ ቢቆምም፣ 10 ቀን ጨርሱ። ምግብ አታቋርጡ፤ ከዳነ በኋላም ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ምግብ ጨምሩለት። ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ተቅማጥንም ክሳትንም አያድንም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያመጣል።

ክንዱን መለካት

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ክሳትን ለመለየት ፈጣኑ መንገድ የላይኛው ክንድ መለኪያ ሪባን፣ በጤና ባለሙያዎች አጠራር ሙዋክ ነው። የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ። የግራ እጁን እጅጌ ሙሉ በሙሉ አውልቁ። ክንዱን ከክርኑ አጥፋችሁ፣ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ ክርኑ ጫፍ ያለውን ርቀት አግኙና መሐሉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ያላላ፤ ሪባኑን በምልክቱ ላይ አዙሩት። ቆዳውን መንካት አለበት፣ ማስጨነቅ የለበትም፤ ሥጋው ከተሰረጎደ ጠብቋል፣ በሥሩ ብርሃን ከታየ ላልቷል።

12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፣ መካከለኛ እጥረት፤ ከ11.5 በታች ቀይ፣ ከፍተኛ እጥረት። ሪባን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ያገለግላል፤ እሱ ወፍራም ስለሆነ ልኩ ሊዛነፍ ይችላል፣ ከ13 በታች ካሳየ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በወር አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል፣ ቢጫ ከሆነ በየሳምንቱ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ፊቱ የሞላ፣ እግሩ የወፈረ፣ ጠጉሩ የሳሳና ቀላ ያለ፣ የማይጫወት ልጅ «ወፈረ» ሊባል ይችላል። የሁለቱንም እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት ለ3 ሴኮንድ ጫን አድርጉ። ጣታችሁን ስታነሡ በሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ እብጠት ነው፤ የክንዱ ልክ ምንም ይሁን ምን፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ። ሙዋክ መቀንጨርን እንደማያሳይም እወቁ፤ ለእሱ ኪሎና ቁመት በየወሩ መለካት አለበት። «ዓይን ይገባበታል» ብሎ ልጅን ከሚዛን መደበቅ ችግሩ እስኪገዝፍ መደበቅ ነው።

ቀይ ሲሆን

ከፍተኛ እጥረት ያለበትን ልጅ በቤት ምግብ ብቻ ለማድለብ አትሞክሩ። ሰውነቱ በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት መቋቋም ያቅተዋል። ጤና ጣቢያ ውስጥ የምግብ ፍላጎቱን ፕለምፒ ነት በሚባለው፣ ከለውዝ በተዘጋጀ የሕክምና ምግብ ይፈትኑታል። ከበላና ሌላ ከባድ ሕመም ከሌለበት በተመላላሽ ይታከማል፤ ካልበላ፣ ሁሉን የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደከመና ከፈዘዘ ተኝቶ ይታከማል። ቀይ ላይ ያለ ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ኦ.አር.ኤስ. ቤት ውስጥ እንደሌላው ልጅ አትስጡት፣ የፈሳሽ አሰጣጡ ይለያል፤ ጡት እያጠባችሁ ይዛችሁት ሂዱ። 6 ወር ያልሞላው የከሳ ልጅም በቀጥታ ወደ ባለሙያ ነው።

አንድ ፓኬት ፕለምፒ ነት 92 ግራም ነው፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። መድኃኒት ነው። በኪሎው ልክ ይታዘዛል፤ ለ7 ኪሎ ልጅ በቀን 3 ገደማ። መጀመሪያ ጡት፣ ከዚያ ፕለምፒ ነት፣ ሌላ ምግብ የሚመጣው የቀኑ ድርሻ ሲያልቅ ነው። ከገንፎ ጋር አትደባልቁት፣ በውሃ አትበጥብጡት፤ ጥቂት ጥቂት ከፓኬቱ እየጨመቃችሁ ስጡት፣ አጠገቡም የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ይኑር። ሕክምናው የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በክፍፍል ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ታላላቆቹ ይፈልጉታል፤ የ3 ፓኬት ልጅ አንድ ተኩል ይደርሰውና በሁለተኛው ሳምንት ኪሎው ንቅንቅ አይልም። ፓኬቱን ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡ፣ ለታላላቆቹ ቤሶም ይሁን ሌላ የራሳቸውን ነገር አዘጋጁ። የሚሰጠው በነፃ ነው፤ ሱቅ ላይ ሲሸጥ ካያችሁ አትግዙ፣ ከሌላ ሕፃን ድርሻ የወጣ ነው።

ቀጠሮው በየሳምንቱ ነው። ክትባቱ፣ በየ6 ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ፣ በ9ና በ15 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት የተሟላ መሆኑን በዚያው አስጠይቁ። እብጠቱ ጠፍቶ ክንዱ በሁለት ተከታታይ ቀጠሮ 12.5 እስኪደርስ አታቋርጡ፤ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ኪሎ ከቀነሰ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ጠይቁ። ቤት ኪራይ ተወዶ ሰፈር የምትቀይሩ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የልጁን ካርድና የዝውውር ወረቀት ከጤና ጣቢያው ውሰዱ፤ አዲሱ ጤና ጣቢያ በዚያ ወረቀት ላይ ካለው ኪሎና ሳምንት ይቀጥላል።